ከዘብነት ወደ ዐመፅ፦ የብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ሹመትና ውድቀት

ለጎረቤላና ለአንኮበር አካባቢ ታዳሚዎች የተዘጋጀ ዲስኩር



የጦር መኮንን የዜና ማሰራጫ ይዞ መንግሥት መለወጡን ያወጀበት ታሪክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ አገር ተደጋግሟል። በተለይ በደቡብ አሜሪካ ጄኔራል ሥልጣን መያዙና ጄኔራል ከሥልጣን መውረዱ የፖለቲካው የተለመደ መልክ እስኪመስል ደርሶ ነበር። በኢትዮጵያ በዘመናዊ መልኩ የታቀደውና ራሱን በሬዲዮ ያስታወቀው የመጀመሪያው መፈንቅለ መንግሥት፣ ማለትም ከመንግሥት ውስጥ ያሉ ጥቂት ሰዎች በድንገትና በኃይል ሥልጣን ለመያዝ ያደረጉት ሙከራ፣ የተካሄደው በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. ሲሆን፣ መሪው የንጉሠ ነገሥቱ የክብር ዘበኛ ዋና አዛዥ የነበረው ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ነበር። ይህ ዲስኩር የሚመረምረው የዚህን መኮንን አነሣሥ፣ የደረሰበትን የሥልጣን ደረጃና የወደቀበትን ምክንያት ነው፤ የሚያቀርበውም ሐሳብ አንድ ነው፤ እርሱም ጄኔራሉን ለታላቅ ሹመት ያበቃው ለንጉሡ የቀረበ ታማኝ ዘብ መሆኑ ራሱ፣ አገር የሚለውጥ ሥልጣን ለመያዝ በተነሣ ጊዜ መሣሪያው እንዲከዳው ያደረገው መሆኑ ነው።

በንጉሥና በቅርብ ጠባቂው መካከል ያለው ግንኙነት ለአንኮበር አዲስ ጉዳይ አይደለም። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረበት ዘመን፣ በተለይ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ፣ ጠመንጃ የንጉሡ ንብረት ሆኖ በንጉሡ ግምጃ ቤት የሚቀመጥ፣ የሚታደለውም በንጉሡ ፈቃድ ብቻ ስለ ነበር፣ ነፍጥ የያዘው ወታደር የሚያውቀው ጌታ አንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዝ የመጣው የካፒቴን ሃሪስ መልእክተኛ ቡድን ለንጉሡ ካቀረባቸው ስጦታዎች ሁሉ የላቀ ግምት የተሰጠው ጠመንጃና መድፉ መሆኑ የዚህን ሥርዓት ጠባይ ያሳያል። በሌላ በኩል ደግሞ የንጉሡ ወንድሞችና የቅርብ ዘመዶች በአንኮበር አጠገብ ባለው በጎንጮ አምባ ይታሠሩ ነበር፤ ምክንያቱም ለዙፋን የሚያሠጋው የሩቅ ጠላት ብቻ ሳይሆን የቅርብ ሰውም እንደ ሆነ በሚገባ ይታወቅ ነበር። ይህ ሥርዓት፣ ማለትም መሣሪያን ለሚታመን ሰው መስጠትና የሚታመነውንም ሰው ዘወትር በዓይን መከተል፣ መናገሻው ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ከዞረ በኋላም መልኩን ለውጦ ቀጥሏል።

መንግሥቱ ንዋይና ታናሽ ወንድሙ ገርማሜ ንዋይ ከሸዋ መኳንንት መካከል ሞጃ በመባል ከሚታወቀው ወገን የሚወለዱ ነበሩ። ስለዚህም በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ላይ የተነሡት ሰዎች ከሥርዓቱ ውጭ ያደጉ ሳይሆኑ፣ በትውልድም በትምህርትም በሹመትም የሥርዓቱ ልጆች እንደ ነበሩ ከመነሻው ሊታወቅ ይገባል። መንግሥቱ ለውትድርና የታጨው በሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ነው። ይህ ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. ካፒቴን ቪኪንግ ታም በተባለ መኮንን በሚመሩ የስዊድን አሠልጣኞች የተከፈተ ሲሆን፣ ዓላማውም በባላባት ስም ከሚሰበሰበው የዘማች ጦር የተለየ፣ በደረጃና በደንብ የሚታዘዝ ዘመናዊ ሠራዊት የሚመሩ መኮንኖችን ማፍራት ነበር። ተማሪዎቹ ገና ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ የጣሊያን ወረራ ደረሰ።

የሆለታ ዕጩ መኮንኖች ታሪክ ከሰሜን ሸዋ ጋር የተገናኘው በዚህ ጊዜ ነው። ጠላት ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ከያዘ በኋላ በመኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ለመገስገስ ሲዘጋጅ፣ የደብረ ሲናን ሜዳ ከደብረ ብርሃን ደጋ የሚለየው የጣርማ በር ገደል መንገዱን ለመዝጋት የሚያስችል የመጨረሻው ጠንካራ ምሽግ መሆኑ ታይቶ፣ ዕጩ መኮንኖቹ በጥድፊያ ከተሰበሰቡ ወታደሮች ጋር ወደዚያ ተላኩ። መንገድ አፍርሰው ጠላትን ጥቂት ቢያዘገዩም፣ በቁጥርም በመሣሪያም ሊመጣጠኑት ስላልቻሉ ምሽጉ አልጸናም፤ የጣሊያን ጦርም ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። በዚያ ወር የተገኘው ትምህርት በሆለታ ተማሪዎች ትውልድ ልብ ውስጥ የቀረ ይመስላል፤ ይኸውም አገር በጀግንነት ብቻ እንደማይጠበቅና የኋላ ቀርነት ዋጋ በጦር ሜዳ እንደሚከፈል ነው።

ከሽንፈቱ በኋላ ከሆለታ ልጆች አንዳንዶቹ የጥቁር አንበሳን ጦር መሥርተው በምዕራብ ሲዋጉ፣ ሌሎቹ ተሰደዱ። መንግሥቱ ከስደተኞቹ አንዱ ነበር፤ በካርቱም አቅራቢያ በሶባ በተከፈተው የጦር ማሠልጠኛ ከሙሉጌታ ቡሊና ኋላ ስማቸው ከገነነ ሌሎች መኮንኖች ጋር ከሠለጠነ በኋላ፣ በ1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ወደ አገሩ ተመለሰ። በስደት የቆዩት መኮንኖች ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የተሳሰሩበት ገመድ በዱር በገደል ከቆዩት አርበኞች ይለይ ነበር። አርበኛው ንጉሡ በሌለበት በራሱ ስምና በራሱ ተከታይ የተዋጋ ስለ ሆነ የራሱ ክብር ነበረው፤ ስደተኛው መኮንን ግን ትምህርቱንም ማዕረጉንም ያገኘው በቀጥታ ከዙፋኑ ነው። ከነጻነት በኋላ የቤተ መንግሥቱ ጥበቃ ለሁለተኛው ወገን መሰጠቱ ከዚህ አኳያ ሲታይ ታስቦበት የተደረገ ነበር።

የክብር ዘበኛ በስሙ የንጉሠ ነገሥቱ አጃቢ ይባል እንጂ በአደረጃጀቱ ራሱን የቻለ ክፍለ ጦር ነበር። በሙሉጌታ ቡሊ አዛዥነት እንደገና ሲቋቋም የተመረጡ ወጣቶች የሚገቡበት፣ መኮንኖቹም በስዊድን አሠልጣኞች የሚሠለጥኑበት ሆነ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ጥሪ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃዎች የወጡት ከዚህ ክፍል ነው። በዚያ ዘመቻ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕይወታቸውን ሰጥተዋል፤ የተመለሱትም በጀግንነታቸው ተከብረዋል። በአንጻሩ የምድር ጦሩ በመጀመሪያ በእንግሊዞች፣ ቀጥሎም በአሜሪካኖች እጅ ሲሠለጥን፣ በ1950 ዓ.ም. የተከፈተው የሐረር ጦር አካዳሚ በህንድ መኮንኖች ይመራ ነበር፤ የአየር ኃይሉ ደግሞ በደብረ ዘይት የራሱ አዛዥና የራሱ ወግ ነበረው። እያንዳንዱ ክፍል የየራሱን አሠልጣኝ፣ የየራሱን መሣሪያና የየራሱን ኩራት ይዞ ሲያድግ፣ ሁሉም የሚገናኙት በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ብቻ ሆነ። የክብር ዘበኛው አለባበስና አያያዝ የተሻለ ነው የሚለው ቅሬታ በምድር ጦሩ ሰፈር የተለመደ ወሬ ነበር፤ ቅሬታው ግን ለዙፋኑ ጉዳት አልነበረውም፣ ምክንያቱም አንዱ ክፍል ሌላውን የሚጠብቅበት ሚዛን ነበርና።

ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ወደ ሌላ ኃላፊነት ሲዛወር፣ በ1948 ዓ.ም. ገደማ የክብር ዘበኛው አዛዥነት ለመንግሥቱ ንዋይ ተሰጠ። በዚያው ዓመት የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሠራዊቱን የበላይ አዛዥነት ለንጉሠ ነገሥቱ ያጸና ስለ ነበር፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ከሌሎች አዛዦች የሚለየው በማዕረጉ ሳይሆን በቅርበቱ ነበር። የቤተ መንግሥቱ በር፣ የከተማው ቁልፍ ሥፍራና የንጉሠ ነገሥቱ ሕይወት በእርሱ እጅ ነበሩ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት አገር፣ ከንጉሥ አጠገብ የሚቆም ሰው ሌላው የማይደርስበትን ይሰማል፣ ሌላው የማያየውንም ያያል። መንግሥቱ ደስተኛና ተግባቢ፣ በወታደሮቹም የሚወደድ መኮንን እንደ ነበር ይነገራል፤ ለሥር ነቀል ለውጥ የሚያበቃውን ሐሳብ ያመጣው ግን ታናሽ ወንድሙ ነበር።

ገርማሜ ንዋይ ወደ አሜሪካ ተልኮ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች የተማረ፣ የማስተርስ ጥናቱንም በኬንያ የነጮች ሰፈራ ላይ የጻፈ ወጣት ነበር። ከተመለሰ በኋላ በወላሞ አውራጃ፣ በዛሬው ወላይታ፣ ገዥ ሆኖ ሲሾም መንገድና ትምህርት ቤት ለማሠራት፣ ለመሬት አልባ ገበሬም መሬት ለማደል ሞከረ፤ ባለመሬቶቹም ከሰሱት። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጅጅጋ ተላከ፤ በዚያም ለአካባቢው ሕዝብ ውኃና ሕክምና ለማዳረስ ያቀደው ሥራ ከማዕከል በቂ ድጋፍ አላገኘም። የተማረ ሹም በአንድ አውራጃ የሚጀምረውን ሥራ በአንድ የአዲስ አበባ ትእዛዝ የሚያጣበትን አሠራር በተግባር ያየው ገርማሜ፣ ለውጥ ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ አይወጣም፣ ከላይ መጀመር አለበት ወደሚል መደምደሚያ ደረሰ። እንዲህ ሐሳቡ በታናሽየው፣ ጦሩ በታላቅየው እጅ ተገኘ። ከእነርሱም ጋር የጸጥታ ኃላፊው ሌተና ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁና የፖሊስ ሠራዊት አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ተጨመሩ። ሦስቱ አዛዦች አንድ ላይ ሲቆሙ የንጉሠ ነገሥቱ ዘብ፣ ዓይንና ጆሮ፣ እንዲሁም የከተማው ፖሊስ በአንድ ወገን ተሰለፉ ማለት ነው፤ የምድር ጦሩና የአየር ኃይሉ ግን በሌላ በኩል ቀሩ።

አጋጣሚው የተገኘው ንጉሠ ነገሥቱ በደቡብ አሜሪካ ብራዚልን ለመጎብኘት በወጡ ጊዜ ነው። ማክሰኞ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ማታ፣ እቴጌ መነን በጽኑ ታመዋል የሚል መልእክት ለመሳፍንቱና ለሚኒስትሮቹ ተላከ፤ መልእክቱ የደረሳቸውም ለመጠየቅ ሲሄዱ በክብር ዘበኞች ተያዙ። ዘዴው ደም ሳይፈስ ብዙ ሹማምንትን በአንድ ሌሊት ለማሰባሰብ ያስቻለ ቢሆንም፣ ወሳኞቹ ሰዎች ግን አመለጡ። የጦር ኃይሎች ኤታ ማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ መንገሻ፣ የምድር ጦር አዛዡ ሜጀር ጄኔራል ከበደ ገብሬና ደጃዝማች አሥራተ ካሣ በወጥመዱ አልገቡም፤ ወደ አንደኛ ክፍለ ጦር ሄደው ተሰባሰቡ። መፈንቅለ መንግሥት የሚያሸንፈው ወይም የሚሸነፈው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነውና፣ የኋላው ሁሉ ውጤት በዚያ ሌሊት ግማሽ በግማሽ ተወስኖ ነበር ማለት ይቻላል።

በማግሥቱ አልጋ ወራሹ ልዑል አስፋ ወሰን በሬዲዮ አዲስ መንግሥት መቋቋሙን አስታወቁ። ንግግሩ ጥቂት ሰዎች ለራሳቸው ሲበለጽጉ ሕዝቡ በድህነት መኖሩን፣ በዚያው ዓመት ነጻነታቸውን ያገኙት የአፍሪካ አገሮች ሲገሰግሱ ጥንታዊቷ ኢትዮጵያ ወደ ኋላ መቅረቷን የሚያወሳ ነበር። አልጋ ወራሹ ደመወዝተኛ ንጉሥ ሆነው እንደሚያገለግሉ፣ ልዑል ራስ እምሩ ጠቅላይ ሚኒስትር እንደሚሆኑ፣ ሙሉጌታ ቡሊም የጦር ኃይሎች ኤታ ማዦር ሹም እንደሚሆን ተነገረ። ሐሙስ ታኅሣሥ 6 ቀን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ለውጡን ደግፈው ሰልፍ ወጡ፤ በኢትዮጵያ የተማሪዎች ፖለቲካ ታሪክ የመጀመሪያው ትልቅ ሰልፍ የሚባለውም ይህ ነው። የአዋጁን ይዘት በጥሞና ያነበበ ሰው ግን አንድ ነገር ያስተውላል፤ ዐማፅያኑ ዙፋኑን አላፈረሱም፣ ልጁን በአባቱ ቦታ አስቀመጡ እንጂ። ወታደሩና ሕዝቡ ያለ ንጉሥ የሚቀበለው ትእዛዝ እንደማይኖር ያውቁ ነበርና፣ በተነሡበት ሥልጣን ስም ለመናገር ተገደዱ።

ይኸው ድካማቸው በሌላው ወገን እጅ መሣሪያ ሆነ። ፓትርያርኩ አቡነ ባስልዮስ ዐማፅያኑን የሚያወግዝ መልእክት አስተላለፉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት እንዳሉና እየተመለሱ መሆናቸውን የሚገልጹ ወረቀቶችም በከተማው ላይ ከአውሮፕላን ተበተኑ። ከክብር ዘበኛው ተራ ወታደር ብዙው የሚዋጋበትን ምክንያት በትክክል አልተነገረውም ነበር፤ ንጉሡን ሲጠብቅ የኖረ ወታደር በንጉሡ ላይ ተነሥ ቢባል ትእዛዙን እንደማይቀበል አዛዦቹ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ስለዚህ ጄኔራሉ ጦሩን ለማዘዝ እውነቱን መደበቅ ነበረበት፤ እውነቱ በወረቀትና በወሬ በተገለጠ ጊዜም የጦሩ ልብ ተከፈለ። በአንጻሩ የምድር ጦሩ ወታደር ለንጉሠ ነገሥቱ እንደሚዋጋ ያውቃል፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀናበት በኖረው የክብር ዘበኛ ላይ መዝመትም አልከበደውም።

ውጊያው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተጀመረ። የምድር ጦሩ ታንኮችና የአየር ኃይሉ አውሮፕላኖች በአንድ ወገን ሲቆሙ፣ የክብር ዘበኛው ይዞታ በፍጥነት ጠበበ፤ በሁለቱ ቀናት ውጊያ ከወታደሩም ከሰላማዊውም ሕዝብ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ሞተ። ዓርብ ታኅሣሥ 7 ቀን ሽንፈቱ ግልጽ በሆነ ጊዜ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን በሚባለው አዳራሽ ታግተው በነበሩት ሹማምንት ላይ ተኩስ ተከፈተባቸው፤ 15 ያህል ሰዎችም ሞቱ። ከሞቱት መካከል የትግሬው ገዥ ልዑል ራስ ሥዩም መንገሻ፣ በትውልድ የቡልጋው አቶ መኮንን ሀብተ ወልድ፣ የንጉሠ ነገሥቱ የንስሐ አባት አባ ሐና ጅማ፣ ዐማፅያኑ ራሳቸው በሬዲዮ የሾሙት ሙሉጌታ ቡሊና የመከላከያ ሚኒስትሩ ራስ አበበ አረጋይ ይገኙበታል።

የራስ አበበ አረጋይ ሞት ለሰሜን ሸዋ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። በ1928 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ የነበሩት አበበ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱና መናገሻው ሲወድቅ መሣሪያቸውን ይዘው ወደ ጅሩ ወጡ፤ ለአምስት ዓመታትም በመንዝ፣ በመርሐ ቤቴ፣ በቡልጋና በአንኮበር ተራሮች ሲዋጉ ለጠላት ሳይገቡ ቆዩ። ያን ጊዜ በእነዚህ ገደላ ገደሎች የነበረ ገበሬ ሁሉ በስንቅም በመረጃም በሕይወቱም የከፈለበት ትግል ነው። የጣሊያን ጦር በአምስት ዓመት ሊይዘው ያልቻለውን ሰው፣ በሰላም ጊዜ በገዛ ወገኑ ቤተ መንግሥት ውስጥ የኢትዮጵያ መኮንን ጥይት ገደለው። ገዳዮቹ የአገር ዕድገት ጥያቄ ይዘው የተነሡ፣ ሟቹም የአገር ነጻነት ባለውለታ መሆናቸውን አንድ ላይ ይዞ መመልከት አስቸጋሪ ነው፤ ይሁን እንጂ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ታሪክ ከሁለቱ አንዱ ሲቀር ምሉዕ አይሆንም። የንዋይን ልጆች የለውጥ ፈር ቀዳጅ አድርጎ የሚያወድስ ጽሑፍ የአረንጓዴውን ሳሎን ግድያ ሲዘል፣ እነርሱን ከሃዲ ብቻ የሚላቸው ደግሞ የወላሞንና የጅጅጋን ገበሬ ጥያቄ ይዘላል።

ከውጊያው በኋላ ጽጌ ዲቡና ወርቅነህ ገበየሁ አዲስ አበባ ውስጥ ሲሞቱ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ከከተማው ወጥተው ሸሹ። ንጉሠ ነገሥቱ በካርቱም በኩል አሥመራ ደርሰው ታኅሣሥ 8 ቀን አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላቸው። ታኅሣሥ 15 ቀን በሞጆ አካባቢ ወንድማማቾቹ በተከበቡ ጊዜ ገርማሜ በወንድሙ ላይ ተኩሶ ራሱን ገደለ፤ መንግሥቱ ግን አንድ ዓይኑን አጥቶ በቁስል ተያዘ። የገርማሜ ሬሳ አዲስ አበባ ውስጥ በአደባባይ ተሰቅሎ ለሕዝብ እንዲታይ ተደረገ። ቁስሉ የታከመለት ጄኔራል በፍርድ ቤት ቀርቦ መጋቢት 19 ቀን 1953 ዓ.ም. የሞት ፍርድ ተፈረደበት፤ ይግባኝ ሳይጠይቅም መጋቢት 21 ቀን በአደባባይ ተሰቀለ። እስከ ጥቂት ወራት በፊት የንጉሠ ነገሥቱን ሕይወት በእምነት ይጠብቅ የነበረው መኮንን ፍጻሜ ይህ ነበር።

የውድቀቱን ምክንያቶች በቅደም ተከተል መመልከት ይገባል። የመጀመሪያው ወታደራዊ ነው፤ ዘብ ሆኖ የተደራጀ ጦር አንድ ቤተ መንግሥትና አንድ ከተማ ለመጠበቅ እንጂ ታንክና አውሮፕላን ያለውን ሠራዊት ለመቋቋም አልተዘጋጀም። ሁለተኛው የአፈጻጸም ነው፤ ተቀናቃኝ አዛዦችን ሳይዙ ሬዲዮ መያዝ፣ ድል ሳይኖር ድልን ማወጅ ነበር። ሦስተኛው የሕዝብ ነው፤ የአዋጁ ቋንቋ ለተማሪው ሲደርስ ለገበሬው፣ ለካህኑና ለተራው ወታደር አልደረሰም፤ ከአዲስ አበባ ውጭ የሚቆምለት ወገንም አልተዘጋጀም። አራተኛውና ከሁሉም ሥር ያለው ደግሞ የሥልጣኑ ምንጭ ነው። የመንግሥቱ ንዋይ ሥልጣን በሕግ ከተቋቋመ መሥሪያ ቤት ወይም ከሕዝብ ድጋፍ የመጣ ሳይሆን ከንጉሠ ነገሥቱ እምነት የተቀዳ ነበርና፣ እምነቱ በተቋረጠ ሰዓት ትእዛዙም ተቋረጠ።

ከደቡብ አሜሪካ ጄኔራሎች ዕጣ ጋር ሲነጻጸር ይህ አራተኛው ምክንያት የበለጠ ይጎላል። በኮሎምቢያ ጄኔራል ጉስታቮ ሮሃስ ፒኒያ እ.ኤ.አ. በ1953 ሥልጣን ይዞ በ1957 ወረደ፤ በቬኔዙዌላ ጄኔራል ማርኮስ ፔሬዝ ሂሜኔዝ በጥር 1958 አገሩን ጥሎ ሸሸ፤ በአርጀንቲና ጄኔራል ሁዋን ፔሮን በ1955 በጦሩ ተገልብጦ ከተሰደደ በኋላ በ1973 ተመልሶ ፕሬዝዳንት ሆነ። በእነዚያ አገሮች ንጉሥ የሚባል ነገር ከቀረ ከመቶ ዓመት በላይ ስለ ሆነው፣ ሠራዊቱ ራሱን የአገር ጠባቂ አድርጎ የሚቆጥር፣ ሁንታ በሚባል የአዛዦች ጉባኤ የሚመክር ተቋም ሆኖ ነበር፤ አንድ ጄኔራል የሚወጣውም የሚወርደውም የሥራ ባልደረቦቹ ሲስማሙበት ነው፤ የወረደውም ብዙ ጊዜ ወደ ስደት እንጂ ወደ መስቀያ አልሄደም። በኢትዮጵያ ግን በ1953 ዓ.ም. አዛዦቹ የሚመክሩበት የጋራ ጉባኤ አልነበረም፤ እያንዳንዱ የሚመክረው ከንጉሡ ጋር ብቻ ነበር። ስለዚህ የአንዱ አዛዥ መነሣት ለሌላው የባልደረባ ጥሪ ሳይሆን የታማኝነት ፈተና ሆነበት።

ሙከራው ከሸፈ እንጂ ያስከተለው ለውጥ አልቆመም። ገነተ ልዑል ለትምህርት ተሰጥቶ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬ ሕንጻው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሲሆን፣ በንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል በኩል የሚያልፍ ጎብኚ በዚያ ሳምንት ጥይት የበሳው መስታወት ይመለከታል። ያሸነፈው የምድር ጦር በበኩሉ ዙፋኑ በእርሱ ክንድ መዳኑን ስላወቀ ብዙም ሳይቆይ የደመወዝ ጭማሪ ጠየቀ፤ ጭማሪውም ተሰጠው። ወታደር ጠይቆ መንግሥት የሚሰጥበት በር እንዲህ ተከፈተ፤ ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የተነሣው የወታደሮች አመፅም በዚያው በር የገባ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ ኅዳር 14 ቀን ደግሞ ሥልጣን የያዘው የወታደሮች ኮሚቴ፣ ደርግ፣ ከገደላቸው 60 ያህል ሰዎች መካከል በ1953 ዓ.ም. ዙፋኑን ያዳኑት አሥራተ ካሣና ከበደ ገብሬ ይገኙበት ነበር። በዚያው ሌሊት የደርጉ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ሌተና ጄኔራል አማን አንዶም በቤቱ ተዋግቶ ሞተ። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ መሪ እንደገና ወደ ውጭ በወጣበት ቀን ጄኔራሎቹ መርዕድ ንጉሤ፣ አምሃ ደስታ፣ ደምሴ ቡልቶና ፋንታ በላይ ያሉበት መፈንቅለ መንግሥት ተሞክሮ ከሸፈ፤ ከተያዙት መካከል 12 ጄኔራሎች በቀጣዩ ዓመት ተረሸኑ። በ28 ዓመታት ልዩነት የተደረጉት ሁለቱ ሙከራዎች መሪው አገር በሌለበት ሰዓት መጀመራቸውና ተቀናቃኝ ክፍል ቀድሞ ባለመያዙ መክሸፋቸው፣ ትምህርቱ ለሁለት ትውልድ መኮንኖች ሳይደርስ መቅረቱን ያመለክታል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ የአንድን ሰው ጠባይ የሚመለከት አይደለም። መንግሥቱ ንዋይ ከዳተኛ ነበር ወይስ ጀግና የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚካሄድ ቢሆንም፣ መልሱ የትኛውም ቢሆን የሠራዊቱን አቋም አይለውጥም። ሠራዊት ለሰው ሲታዘዝ፣ ያ ሰው ሲርቅ ሠራዊቱ ይከፈላል፤ የተከፈለ ሠራዊት ደግሞ ጥያቄውን የሚፈታው በመትረየስ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊቱ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነጻ ሆኖ ሥራውን እንዲያከናውን የደነገገው ድንጋጌ የሚመዘነውም በዚሁ መለኪያ ነው፤ ሠራዊት ለሕግ መታዘዙ የሚታወቀው በሰልፍ ቀን በሚሰጠው ሰላምታ ሳይሆን፣ አዛዡ ከሕግ ሲወጣ ወታደሩ እምቢ የማለት መብቱና ግዴታው በተግባር ሲጠበቅለት ነው። የጎረቤላ ወጣት የራስ አበበን የጫካ ዘመንና የጄኔራል መንግሥቱን የቤተ መንግሥት ዘመን አንድ ላይ ሲያጠና ሊይዘው የሚገባው ጥያቄ፣ ማን የበለጠ ጀግና ነበር የሚል ሳይሆን፣ የያዙት ጠመንጃ ተጠሪነቱ ለማን ነበር የሚል ነው።